አጎት ዴልመር እና ዝም ያሉት ተርኪዎች

ሰበብ የሌለው አዳኝ እስካሁን አልተወለደም፤ ተርኪ የሚባለውን የዱር ወፍ የሚያድን ሰው ግን ሰበቡን ከጠመንጃው አስቀድሞ ነው ወልውሎ የሚያዘጋጀው። የአጋዘን አዳኝ ባዶ እጁን ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ዓሣ አጥማጁ ያመለጠውን ዓሣ በክንዱ ይለካላችሁና ያበቃል። የተርኪ አዳኝ ግን ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ለምን እንዳልገደለ ሲያስረዳ፣ የገደለው ሰውዬ አፍሮ ቁርሱን ሳይጨርስ ይወጣል።

በእኛ ወረዳ፣ በሚዙሪ ኮረብቶች መሀል፣ የዚህ ትምህርት ሊቀ ሊቃውንት የተከበሩ አጎት ዴልመር ፖግ ናቸው። አጎት የምንላቸው ሥጋ ተዛምደን አይደለም፤ እዚህ ሰባ ያለፈው ደግ ሰው የሁሉም አጎት ነው። አርባ ዓመት በእንጨት መሰንጠቂያ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሚያዝያ ገብቶ ሦስቱ የአደን ሳምንታት ሲከፈቱ ግን ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ጎህ ሳይቀድ ጫካ ናቸው፤ ሕጉ አደን የሚያቆምበት ሰባት ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ዛፍ ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። የዱር ተርኪ ማለት ግልገል የሚያክል ቁመና፣ ለውዝ የምታክል አንጎል ያለው ወፍ ነው። ይህን ወፍ ማታለል ምን ይከብዳል? ይከብዳል! በተፈጥሮ ሥርዓት አውራው ካደረበት ዛፍ ላይ ሆኖ ይጮሃል፣ ሴቷም ድምፁን ሰምታ ወደ እሱ ትሄዳለች። አዳኙ ደግሞ እንደ ሴት ተርኪ እየጮኸ አውራው ራሱ እንዲመጣለት ይለምናል። ንጉሥን ከዙፋኑ አስነስቶ ደጅ ጠኚው ቤት ድረስ በእግሩ ማስኬድ ማለት ነው። ትንሽ ብትነቃነቁ የለም። ብትስሉ የለም። መዥገር ብብታችሁ ሥር ገብቶ ደማችሁን ቢመጥም ማከክ የለም።

አጎት ዴልመርም በየዓመቱ የወፉን ጥፋት እየዘረዘሩ ይከሱታል። «አጥር አጋጠመው፤ አውራ ተርኪ አጥር እንዲሻገር ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም» ይላሉ። በሚቀጥለው ቀን ሴቶቹ ከበው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን የምሥራቅ ነፋስ ነፈሰ። በአራተኛው ቀን የሰው ላም መጥታ ፊታቸው ቆማ አመሰኳች። አንድ ዓመት እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ዓይናቸውን ሲገልጡ አውራው ቦት ጫማቸው አጠገብ ቆሞ ያያቸዋል። «ሁለታችንም ደነገጥን» አሉን በማግሥቱ፣ «ልዩነቱ እሱ ክንፍ ነበረው።»

በሎሬታ ምግብ ቤት የኋላ ግድግዳ ላይ የሸሚዝ ቁራጮች ተቸንክረዋል። እዚህ አገር ተኩሶ የሳተ አዳኝ የሸሚዙ የኋላ ጫፍ በመቀስ ይቆረጥና ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት እዚያ ይሰቀላል። የእኔ ሦስት አለ። የሩፈስ ታልቦት ዘጠኝ ነው። የአጎት ዴልመር አንድም የለም፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እርግጠኛ ሳይሆኑ ቃታ ስበው አያውቁማ።

«የማይተኩስ ሰው ሸሚዙ አያጥርም!» ይላል ሩፈስ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው።

«አንተ ደግሞ ሸሚዝህን ጨርሰህ በካናቴራ ቀርተሃል» ይመልሳሉ እሳቸው፣ ብስኩታቸውን በወተት መረቅ እያጠቀሱ። «ደግሞ ለምንድነው የምታንሾካሹከው? እንደ ወንድ ተናገር እንጂ!»

ሩፈስ በሕይወቱ አንሾካሹኮ አያውቅም። ያኔ ሳቅን። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

ምክንያቱም ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ሰበባቸው አንድ ብቻ ሆኖ ነበር። አጥሩም ላሟም ቀሩ። «ተርኪዎቹ ዝም ብለዋል» ይላሉ። «ድሮ ሸለቆው በጩኸታቸው ይናወጥ ነበር። አሁን አይጮሁም። በሽታ ነው፣ ወይም ተኩላ በዝቷል፣ ወይም መንግሥት የሆነ ነገር ረጭቷል።» እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን እንሰማቸዋለን። ሁላችንም ተርኪው ሲጮህ እያደመጥን ነበር ያነጋነው። ማናችንም ግን አልተናገርንም፤ ለሽማግሌ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በምን አፍ ይነገራል?

ዘንድሮ ግን ጉድ ሊፈላ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሩፈስ ከቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ እንደ ሴት ተርኪ ሲጣራ አጎት ዴልመር ከበስተጀርባው መጡ። ድምፁን ሰምተው አይደለም፤ እንዲሁ እየሄዱ ነው። የሩፈስ ጓንት ሲነቃነቅ አዩና ጠመንጃቸውን አነሡ። ሩፈስ «ሰው ነኝ!» ብሎ ጮኸ። አልሰሙም። «ሰው ነኝ፣ አጎት ዴልመር!» አላቸው ደግሞ። አፈሙዙ አልወረደም። በመጨረሻ ብድግ ብሎ እጆቹን ሰማይ ላይ ሰቀለ። እሳቸውም ጠመንጃቸውን አውርደው፣ «ምነው ዝም ብለህ ትቀመጣለህ፣ ሰው አይናገርም?» ብለው ተቆጡት። በዚያ ቀን ሩፈስ ምግብ ቤት ውስጥ አልቀለደም።

ወሬው ከሟች ሚስታቸው ከኦፓል ለወለዷት ልጃቸው ለጃኒታ ደረሰ። ሰኞ ጧት እኔ የምሠራበት የከብት መኖ መደብር መጥታ ከረጢቶቹ መሀል ቆመች።

«ራስል፣ አባዬ እየሰማ ነው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ?»

«አትዋሸኝ። ስልክ አያነሣም። በሩን ስደበድብ ውዬ በመስኮት ነው የምገባው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ወፎቹ ናቸው የታመሙት ይለኛል።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አብረኸው ውጣ። የማይሰማ ከሆነ ንገረኝ፣ ጠመንጃውን ከቤት አወጣዋለሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ ከአልጋው የሚያስነሣው አደኑ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰው ሲገድል ቁጭ ብዬ ላይ?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አጎት ዴልመር አደን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አባቴ ሲቀበር ትከሻዬን ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው። አሁን እኔ ጫካ ተከትያቸው ሄጄ ልሰልላቸው ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ አንድ ትልቅ ዋርካ መሳይ ዛፍ ተደግፈን ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን። እኔ ጠመንጃ አልያዝኩም። ብርሃኑ ገና ግራጫ ነበር። ከፊታችን ካለው ጉብታ ላይ አንድ አውራ ጮኸ፤ እንዲህ ዓይነቱን ለዓመታት ሰምቼ አላውቅም፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ጩኸት! አጎት ዴልመር ወደ እኔ ዞረው፣ የማይሰማ ሰው ሲያንሾካሹክ እንደሚያደርገው ጫካው ሁሉ እስኪሰማ፣ «አየህ? ጭጭ! ምን ብያችሁ ነበር!» አሉኝ።

አውራው እንደገና ጮኸ።

«አዎ» አልኳቸው ራሴን እየነቀነቅኩ፣ «ጭጭ ነው።» እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ከዚያ የባሰ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

ከዚያ መጥሪያቸውን አወጡ። ትንሽ የእንጨት ሣጥን ናት፤ ክዳኗ በጠመኔ ተቀብቶ ከጠርዟ ጋር ሲፋተግ እንደ ሴት ተርኪ ትጮሃለች። በጉብዝናቸው ጊዜ በዚህች ሣጥን የወረዳውን ውድድር ስድስት ጊዜ አሸንፈዋል፤ ሴት ተርኪዎች ራሳቸው ቀንተው ይመጡ ነበር ይባላል። አሁን ክዳኑን ሲስቡት ቅባት ያጣ የበር ማጠፊያ ድምፅ ወጣ። ጣታቸው ያውቃል፣ ጆሮአቸው ግን አልነገራቸውም። በኩራት አዩኝና ጠቀሱኝ። ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ።

የሚገርመው አውራው መምጣቱ ነው። ምናልባት እሱም ብቸኛ ሆኖ ይሆናል። በቀኝ በኩል ከወንዙ ማዶ ሲጮህ ሰማሁት፣ ከዚያ ከወንዙ ወዲህ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ። ምን ላድርግ? አንድ ልቤ ዝም በል፣ ይለፍና በሰላም ወደ ቤት እንግባ አለኝ። ሌላው ልቤ አልቻለም። በጉልበቴ ጉልበታቸውን ወደ ቀኝ ገፋ አደረግኋቸው። አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ቀኝ አዞሩ።

ወጣ። ሃያ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ጅራቱን ዘርግቶ፣ ክንፉን መሬት እየጎተተ፣ ቀይና ሰማያዊ ራሱ በጧት ፀሐይ እያበራ ቆመ። ስቶ የማያውቀው ጠመንጃ የወፉ አንገት ላይ አነጣጥሯል። ሙሉ ሳምንት፣ ኧረ አራት ዓመት የተጠበቀው ሰዓት ይሄ ነው። ተኩሱ እያልኩ በልቤ ለመንኳቸው።

አውራው አንገቱን ወደ ፊት ወርውሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ ሰውነቱ እስኪርገፈገፍ ጮኸ።

አጎት ዴልመር አፉ ሲከፈት አዩ። አንገቱ ሲንዘፈዘፍ አዩ። ጉንጫቸው ከጠመንጃው ሰደፍ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ። አውራው ደግሞ ጮኸ፣ እሳቸውም ደግመው አዩት። ከዚያ አፈሙዙን መሬት ላይ አወረዱ። ወፉ እንቅስቃሴውን ሲያይ ጅራቱን ሰብስቦ በሩጫ ጫካው ውስጥ ገባ።

«ጮኸ?» አሉኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። በራሴ አዎ አልኳቸው።

«ቅድምስ? ጭጭ ብሏል ስልህ?»

እንደገና ራሴን ነቀነቅኩ።

«አራቱን ዓመት ሁሉ?»

አፌን ወደ ጆሮአቸው አስጠግቼ፣ «አንድ ጧት ዝም ብለው አያውቁም፣ አጎት ዴልመር» አልኳቸው።

መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «ኦፓል ስትሞት ቤቱ ዝም አለ» አሉ። «የግድግዳው ሰዓት እንኳ ዝም አለ። ከዚያ ወንዙ፣ ከዚያ ወፎቹ። እሷን ሲያጡ ዓለሙ እንዲህ ነው የሚሆነው አልኩ። ሐዘን ነው አልኩ እኮ፣ ልጄ! እና አራት ዓመት ሙሉ ሁሉም ነገር ሲጮህ ኖሯል?»

እጃቸውን ያዝኩ። እዚህ አገር ወንድ የወንድ እጅ አይዝም፤ እኔ ግን ያዝኩ።

«ጃኒታ ናት የላከችህ፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ፣ አሁንም አፌን ከጆሮአቸው ሳላርቅ።

ጠመንጃቸውን ከፈቱና ሦስቱን ጥይቶች አንድ በአንድ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ሩፈስ ያን ቀን ጮኾልኝ ነበር ማለት ነው» አሉ። «ጠመንጃውን አንተ ውሰደው። ራሱ ነው የሰጠኝ በላት። እንደ ሕፃን ቀሙት እንዳይባል።» ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አጋደሙት። «ነገ ጧት ግን ሳይነጋ እመጣለሁ። አንተ ትተኩሳለህ፣ እኔ ዛፉን እደገፋለሁ።»

«ይምጡ» አልኳቸው።

ተነሥተን የምንሄድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አውራው የቆመበትን ባዶ ቦታ እያዩ አልነቃነቅ አሉ።

«ራስል።»

«አቤት።»

«እንዴት ብሎ ነው የጮኸው?»

«እንዴት ማለት?»

«አሰማኛ። ጆሮዬ ላይ።»

ዙሪያዬን ተመለከትኩ፤ ማንም የለም። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ባርኔጣቸውን ከፍ አድርጌ አፌን ጆሮአቸው ላይ ለጥፌ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ «ጉልጉልጉልጉል!» አልኩ።

አጎት ዴልመር ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። እንባቸው በጉንጫቸው ሽበት ላይ ወረደ። ከዚያ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄማ የአንድ ዓመት ጎረምሳ ነው» አሉ። «እዚህ የቆመው ትልቅ ሰው ነበር። ከሆድህ አውጣው፣ ከሆድህ! በል እንደገና።»

ትንፋሼን ስቤ እንደገና ጮህኩላቸው።