የጅረቱ አጥር ባለ ሐሳብ

በየሰፈሩ ሐሳቡ ሁሉ የእሱ የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናቡ ቢመጣ ብሎ ነበር፤ ቢቀርም ብሎ ነበር። እኛ ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት፣ ከኋላቸው «ጋሼ ድሮም» የምንላቸው ከብት አርቢ ሽማግሌ ናቸው። «ድሮም ብያለሁ» ከአፋቸው አይጠፋማ!

የማዕረጉን ክብደት ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ወተት ሻጯ ጎረቤታቸው ናት። የሁለቱን ግጦሽ የሚለየው አንድ ጅረት ነው። ጅረት ማለትም ይከብዳል፤ ከብቱ ቀኑን ሙሉ እየቆመበት፣ እየጠጣበት፣ እዚያው የሚጥለውን እየጣለበት ዳርና ዳሩ ተንዶ ረግረግ ሆኗል። ውሃው ጥጆቿን በተቅማጥ ሲፈጅባት በሰፈሩ ስብሰባ ተነሣች።

«ዳርና ዳሩን እንጠረው፤ ከብቱ ከገንዳ ይጠጣ።»

ጋሼ ድሮም ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። «ላም ከውሃ ትከልከል? ነገ ደግሞ ዓሣውም ይውጣ በሉና እንረፈው!»

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ጥርሷን ነክሳ በእሷ በኩል ያለውን ዳር ብቻዋን አጠረች።

ብዙም ሳይቆይ የጋሼ ድሮም እርጉዝ ላም ረግረጉ ውስጥ እስከ ሆዷ ሰጠመች። ገመድ ይዛ ቀድማ የደረሰችው ወተት ሻጯ ነበረች። ሰፈርተኛው ሲጎትት ሽማግሌው የላሟን አንገት አቅፈው «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ላሟ በስንት መከራ ወጣች። በማግስቱ ጋሼ ምሰሶ ሲተክሉ ታዩ።

ሳምንት ሳይሞላ ምላሳቸው ተመለሰ። «ከብትና ጅረት አይገናኙም፤ ድሮም ብያለሁ!» አልፈው ተርፈው የእሷን አጥር እየዞሩ ይነቅፋሉ። «ሽቦው ላልቷል፤ እኔ እንዳልኩሽ ብታደርጊው ኖሮ…»

ቤት ገብታ ባሏ ላይ ጮኸች። «ሐሳቤን ወስደው አጥሬን ያሙብኛል!»

«ከብታቸው ከውሃው ወጣልሽ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አንዴ እንኳ ‹አንቺ ነሽ› ቢሉኝ ምን ይጎድልባቸዋል?»

ክረምት ገባና ጅረቱ ሞልቶ የሁለቱንም አጥር ጣለው። በጠዋት ጆንያ ተከናንባ ስትወርድ፣ ጋሼ ድሮም ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው የእሷን ምሰሶ ያቀናሉ። የራሳቸው እንደተጋደመ ነው።

«ጋሼ፣ የራስዎስ?»

«የኔ ይደርሳል። ያንቺ ጥጆች ለጋ ናቸው፤ ይህን ውሃ ከጠጡ አለቀልን። ቆመሽ ከምታዪኝ ያዢው!»

ያዘችው። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ቢነቅፏትም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልከፋትም።

በበጋው የእንስሳት ሐኪሙ መጣና ኩልል ብሎ የሚወርደውን ውሃ አይቶ ተደነቀ። «ይህን ማን አሰበው?»

«ጋሼ ናቸው» አለች ፈጠን ብላ።

ሽማግሌው ጅረቱን አዩ፤ እሷን አዩ።

«እሷም» አሉ በመጨረሻ፣ «ትንሽ አግዛኛለች።»

በማግስቱ ወተቱ በየቤታችን ዘግይቶ ደረሰ፤ በየበሩ ቆማ «ጋሼ ‹አግዛኛለች› አሉ!» እያለች ስታወራው።