የሠላሳ ዓመቱ ሻይና የእኔ ሽምግልና

በቀረችኝ ዕድሜ እምላለሁ፤ ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲትም የውሸት ቃል የለችም። «የአንተ ዕድሜ መቼ ብዙ ቀረውና ነው መሐላው!» የምትሉ አትጠፉም። እንዲያውም ጥቂት የቀረው ሰው ነው የሚሳሳው።

ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ጆሮው የፈለገውን ብቻ ይሰማል። አፍ ግን አያረጅም። ጭራሽ ይባልጋል እንጂ! አንድ ጥርስ በወለቀ ቁጥር ቦታ የሰፋለት ይመስል ያየውን ሁሉ ይመኛል። አበው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ብለው አስጠንቅቀውናል፤ አፍ ውስጥ ስለሚገባው ግን ምነው አንዲት ተረት ቢተዉልን ኖሮ?

እኔ ሽማግሌ ነኝ። በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሙያም ጭምር። ኮልፌ ውስጥ ካሉት ባለትዳሮች ግማሾቹን ያጋባሁ እኔ ነኝ። የተፋቱትን አልቆጥርም፤ እሱ የራሳቸው ጥፋት ነው። ታዲያ ጎረቤቴ እትዬ አስካለች አንድ ቀን መጡና «ጋሽ ይርጋ፣ ልጄ አባት የለውም፤ እርስዎ አባት ሆነው ይቁሙለት» አሉኝ። ልጃቸው ሰለሞን አራት ዓመት ሙሉ የወደዳት ቤዛ የምትባል ልጅ አለች። አሁን ግን ሌላ ፈላጊ ተነሥቷል፤ የፊታችንን ሳይሆን የሚቀጥለውን እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው ተብሏል። እንግዲህ መቅደም አለብን። «እሺ ሳያስብሉ እንዳይመለሱ፤ ልጄ ያልቅብኛል» አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «እትዬ አስካለች፣ ይርጋ የተናገረው መቼ መሬት ወድቆ ያውቃል?» አልኳቸው። ይህችን አነጋገሬን ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴን በጋቢ እሸፍናለሁ።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እሺታውን፣ ቢያንስ ቁርጥ ያለ ቀጠሮ፣ ሳይቀበል ከዚያ ቤት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ሌላ ምን መሣሪያ አለው? ባለቤቱ ጾማቸውን የተኮለኮሉ አዛውንቶች ሳሎኑ ውስጥ ማየት ይጨንቀውና ይረታል። የሽምግልና ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ሰማዩ እንደ ተቀደደ ስልቻ በሚያፈስበት እሁድ ጠዋት ሦስት ሆነን ሄድን፦ እኔ፣ ጡረተኛው መምህር አቶ ጥላሁንና የሰፈራችን ቄስ። የቤዛ አባት አቶ ወልዴ ከከፋ መጥተው ጦር ኃይሎች የቤት ዕቃ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ለዕቃው ቻይና ሲመላለሱ ነው የከረሙት። ስንገባ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ነገር የሕፃን መጫወቻ መሰለኝ፦ ጡጫዬን የማታክል ሻይ ማፍያ፣ የእንቁላል ግማሽ የሚያህሉ ሲኒዎች።

ቄሱ ጸሎት አደረሱ። እኔ ነገሩን ከአዳምና ከሔዋን ጀምሬ ወደ ሰለሞን ስወርድ፣ ገና ኖኅ ጋ ሳልደርስ፣ አቶ ወልዴ «ጋሽ ይርጋ፣ አፍዎን በማር ልቁረጠውና፣ ውሃው ፈልቷል» አሉኝ። ሻዩ ኡሎንግ ይባላል። ሠላሳ ዓመት የቆየ ነው። አንድ የንግድ ወዳጃቸው፣ እንደኔው ያረጀ ቻይናዊ፣ በየጥቂት ዓመቱ እያወጣ ከሰል ፍም ላይ ቀስ እያለ ሲቆላው፣ መልሶም ሸክላ ውስጥ ሲያሽገው ኖሮ ነው የሰጣቸው። «ቤዛን በዕድሜ ይበልጣታል» አሉ። የሠላሳ ዓመት ሻይ! እኛ ቤት ሠላሳ ቀን የቆየ ሻይ ባለቤቴ ለዶሮም አትሰጥም።

የመጀመሪያውን ቀድተው ደፉት። ደነገጥኩ። ቅጠሉን ማጠቢያ ነው አሉ። ሁለተኛውን ሲቀዱ እንፋሎቱ ተነሣ። ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ? በወይራ የታጠነ ጋን፣ ትኩስ የገብስ ቆሎ፣ ከኋላ ደግሞ የደረቀ ፕሪም! ሽታው በመስኮት ወጥቶ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ድረስ የተኛ በሽተኛ ሁሉ ከትራሱ ቀና ሳያደርግ አልቀረም።

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈተናውን አለፉ። አቶ ጥላሁን በክርናቸው ጎሸሙኝ፤ ትርጉሙ ገብቶኛል። እኔ ግን «ለማሽተት ያህል» ብዬ ሲኒዋን አነሣሁ። ደንቡ ስለ አፍንጫ መቼ ተናገረ? ከዚያ አፍንጫዬ ለከንፈሬ ሹክ አለው።

ስኳር የለበትም፣ ቅርንፉድ የለበትም። መጀመሪያ ያረረ ይመስላል፤ ምላስ ላይ ሲያርፍ ይለሰልሳል፤ ከዋጡት በኋላ ጣፋጭነቱ ከጉሮሮ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደ ማር። «እሰይ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ከዚያም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ባዶዋን ሲኒ ዘረጋሁላቸው።

ከጓዳ የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ፤ ለካ ቤዛ ከበሩ ጀርባ ሆና ታዳምጥ ኖሯል። አቶ ጥላሁን በሹክሹክታ «አንተ ሰውዬ፣ ገደልከን!» አሉኝ። አቶ ወልዴ ፈገግ ብለው ደገሙልኝና «እንግዲህ ከቀመሳችሁልኝ እንግዶቼ ናችሁ፤ እንግዳ ደግሞ አያስጨንቅም። ከዘመድ ጋር እንመክርና እናስታውቃችኋለን» አሉ። እሺታው ቀርቶ ቀጠሮ እንኳ አልሰጡንም! ያ ሁሉ አዳምና ሔዋን በአንድ ጉንጭ ሻይ ተበላ።

እትዬ አስካለች ጃንጥላ ይዘው በራቸው ላይ ይጠብቁን ነበር። አቶ ጥላሁን «ይርጋን ጠይቂው፤ ሻይ ሲጠጣ ነበር» ብለው አለፉ። ቢሰድቡኝ፣ በጃንጥላው ቢሉኝ ምን ነበረበት? ጃንጥላውን ወደኔ ዘንበል አደረጉና «ደግ አደረጉ፤ ብርዱም ከባድ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ስድብ ሁሉ ምርቃት መስሎ ታየኝ።

ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ሐሙስ ሽማግሌዎቹ በኔ ቦታ ሌላ ሰው ተክተው ተመለሱ። እስከ ቀትር ድረስ ምራቃቸውን ብቻ እየዋጡ ተቀመጡ፤ ቤዛም ለአባቷ «ከሰለሞን ሌላ አላውቅም» ብላ ኖሮ እሺታው ተገኘ። እትዬ አስካለች እልል ሲሉ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ወጥቼ ላቅፋቸው ፈልጌ አፍሬ ጋቢዬን ተከናንቤ ቀረሁ። አቶ ወልዴ ደግሞ፣ ትልቅ ሰው ናቸውና፣ እንዳይከፋኝ ብለው ከዚያ ሻይ በወረቀት ጠቅልለው በአቶ ጥላሁን እጅ ላኩልኝ።

በዕድሜዬ ስለማልኩ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ላቃና። ይህች የመጨረሻዋ ፈጠራ ናት። ማንም ምንም አልላከልኝም። ዓርብ ጠዋት ብቻዬን ሄጄ የአቶ ወልዴን በር አንኳኳሁ። እሳቸውም ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁ መስሏቸው አቅፈው አስገቡኝ። «እንኳን ደስ አለዎት» ማለት ትዝ ያለኝ ሦስተኛው ሲኒ ላይ ነው።