ኪቦርዱን ውሃ ነካው

የሸዋ ሮቢት ሰው ውሃ ጠፋ ብሎ ሲያማርር እኔ አላምነውም። ውሃማ ሞልቷል። ካላመናችሁ ሱቄ መጥታችሁ እዩ። የሚመጣልኝ ዕቃ ሁሉ ውሃ የነካው ነው። አምፕሊፋየሩን ውሃ ነካው፣ ስፒከሩን ውሃ ነካው፣ ቴፑን ውሃ ነካው። የምን ውሃ እንደሆነ ግን አፍንጫ ላለው ሰው አይጠፋውም።

ሥራዬ የሙዚቃ ዕቃ መጠገን ነው። ዕቃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ነካው?» ብዬ ነው። ለወሬ እንዳይመስላችሁ። ንጹህ ውሃ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። የድመት ሽንት ከሆነ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጨው አለው። ቦርዱ ላይ ያለውን መዳብ ይበላል፣ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ እያንዳንዷን መስመር በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ስትፈገፍግ መዋል ነው። ሆዱን እያመመው ሐኪም ፊት ቀርቦ እግሬን ነው የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኔ ደንበኞች እንደዚያ ናቸው። ግን ምን ያድርጉ? ሰው ፊት ቆሞ ድመታችን ሸናችበት ማለት ቤትን ማዋረድ ይመስላቸዋል።

ከደብረ ሲና የመጣ ዕቃ ከሆነ ሳይነግሩኝም አውቃለሁ። እዚያ ብርድ ነው፣ አምፕሊፋየር ደግሞ ሲሠራ ይሞቃል። ድመቷ ላዩ ላይ ትተኛለች፣ ጸጉሯ ውስጡ ይገባል፣ ባስ ሲልም ትወልድበታለች። የእኛ የቆላዋ ድመት ሙቀት ምን ያደርግላታል? የምትፈልገው ጥላ ነው። አንዴ ደግሞ አንዲት ዶሮ የስፒከር ቀዳዳ ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ታቀፈች። ባለቤቱ ሳትፈለፍል እንዳትነካት ብሎ ስፒከሩን ከነዶሮዋ ሱቄ አስቀምጦብኝ ሄደ። እሱን ተዉት፣ የኑሩን ልንገራችሁ።

ኑሩ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ባንዱም እሱ፣ ዘፋኙም እሱ። ከአሊዩ አምባ እስከ ደብረ ሲና ሰርግ ካለ ኑሩ አለ። እንጀራው ያቺ ኪቦርድ ናት፣ ሌላ ምንም የለውም። የሚኖረው እትዬ ሉባባ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሲሆን፣ እትዬ ሉባባም እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። እሑድ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ፣ የሚጫወተውም ኑሩ ሊሆን፣ ሐሙስ ጠዋት ኑሩ ኪቦርዱን በአንሶላ ጠቅልሎ በባጃጅ ይዞልኝ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ምን ነካው አልኩት። ውሃ አለኝ። የምን ውሃ? እንዲሁ ውሃ። ዝናብ እንዳይል ሰማዩ ከደረቀ ስንት ጊዜው ነው። አብርተኸዋል ወይ ስለው መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል አለኝ። እኔ መብራት በጠፋ ቁጥር የማልሰድበው የለም። ያን ቀን ግን ፈጣሪዬን አመሰገንኩ፤ እርጥብ ዕቃ ካበሩት ያልቅለታልና።

እሱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ እትዬ ሉባባ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ገቡ። ኑሩ እንዳይሰማ አስማሉኝ። ለካ ኑሩ ለሙቀቱ ብሎ በሩን ከፍቶ፣ መጋረጃ ብቻ ጋርዶ ወጥቷል። ድመታቸው ገብታ ኪቦርዱ ላይ ሸንታበታለች። ካወቀ ያዝንብኛል፣ ክፍሉን ለቆ ይሄዳል፣ ድመቷን አሊዩ አምባ እህቴ ዘንድ እሰዳታለሁ፣ ብቻ አንተ ኪቦርዱን አድንልኝ አሉ። እንባቸው መጥቷል።

ከሰዓት በኋላ ኑሩ ተመልሶ መጣ። እሱም እትዬ ሉባባ እንዳይሰሙ አስማለኝ። ድመቷ ከክፍሉ ስትወጣ አይቷታል። እሳቸው ካወቁ በሐፍረት ያልቃሉ፣ ድመቷንም ያባርሯታል፣ እናቴ ማለት ናቸው አለኝ። ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ሁለቱም እንዳልናገር አስማሉኝ። እንዲህ ያለ ምስጢር ጠባቂነት ያጋጠመው አለ?

ዓርብ ኪቦርዱን ፈታሁት። የሽንት ዝገት ፈለግኩ፣ የለም። ሽታ ፈለግኩ፣ የለም። ከቁልፎቹ ሥር ያለችውን ጎማ ጫን ሳደርጋት ግን አረፋ ወጣ። ነጭ አረፋ፣ መዓዛውም የልብስ ሳሙና። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ድመት አይቻለሁ፣ ሳሙና የምትሸና ግን አላየሁም።

እትዬ ሉባባ ግቢ ሄድኩ። ለሰርጉ ሽንኩርት ከሚልጡት ሴቶች መሃል ተቀምጠዋል። ወደ ጓሮ ጠራኋቸው።

«ድመቷ ከሸናች በኋላ ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

ቢላዋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ነጃሳ የነካው ነገር ነው በልጄ ሰርግ መንዙማ የሚወጣበት? አጠብኩት።»

«በምን?»

«በውሃ ነዋ። በምን ይታጠባል?»

በውዱእ ማንቆርቆሪያቸው ነው ያጠቡት። በሳሙና አሽተው፣ ደጋግመው አለቅልቀው፣ ውሃው እንዲወርድ አዘቅዝቀው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ የኪቦርዱን ልብስ መልሰው አልብሰው ወጡ። ሽንቱ ውስጥ ሳይገባ ታጥቦ ሄዷል፣ የገባው ውሃው ነው። ድመቷ እኮ ንጹሕ ናት። ኑሩም ሳያውቀው እውነቱን ነው የነገረኝ። ስንት ዓመት «የምን ውሃ ነው» እያልኩ ሰው ሳፋጥጥ ኖሬ፣ እውነተኛ ውሃ ሲመጣልኝ አላመንኩም።

ያበላሸችው ድመቷ ናት አይደል አሉኝ እትዬ ሉባባ። እርስዎ ነዎት ልበላቸው? በልጃቸው ሰርግ ሰሞን? እኔንም ይሉኝታ ያዘኝና ገና አልለየም ብዬ ሹልክ አልኩ።

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፣ የሳሙናውን ቅሪት በአልኮል አወጣሁ፣ ሁሉንም በጥላ አሰጣሁ። ለማድረቅ እንኳ የአገሩ ሙቀት ራሱ ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት ገጥሜ ጨረስኩ፣ መብራቱ ግን አልመጣም። በጄኔሬተር ልሞክር እንዳልል ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ለታመመ ዕቃ አይሆንም። ኑሩ የሱቄ ደፍ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ካልሠራስ? ሰርጉ ዝም ጭጭ ሊል ነው፣ እሱም እንጀራው ሊቀር ነው። ደግሞ የእትዬ ሉባባ ፊት ነበር የሚታየኝ፤ በገዛ እጃቸው መሆኑን አንድ ቀን ማወቃቸው አይቀርማ።

ከሰዓት መብራት መጣ። ሰካሁት። ኑሩ ከግራ ጀመረ፣ እስከ ቀኝ ሄደ፣ አንድም ቁልፍ አልቀረም። እንዲያውም በሰርግ አቧራና በለስላሳ ፍንጣቂ ዱዳ ሆና የነበረች አንዲት ቁልፍ ጥርት ብላ ጮኸች። ኑሩ ደጋግሞ እሷኑ ይመታል፣ ይስቃል። እኔ ወንበሬ ላይ ተዘርፍጬ እፎይ አልኩ። እንደዚያ ቀን ቅልል ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሰርጉ ደመቀ። ኪቦርዱ ከድሮውም አምሮ ይጫወታል። ሰው ሁሉ ምን ቢያደርጉት ነው እያለ ሲያደንቅ እትዬ ሉባባ አላስቻላቸውም። ጭንቀቱ ሲለቃቸው አፋቸውም ተፈታ መሰለኝ፣ ዳሱ መሃል ቆመው ድመቷ ሸናችበት፣ እኔ በሳሙና አጠብኩት፣ ለዚህ ነው ድምፁ የጠራው ብለው ለእድምተኛው አወሩት። ኑሩ ሳቁ አላስጫውት አለው፣ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ድመቷም አሊዩ አምባ መሄዷ ቀረ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ፣ ሽንት ነው ማለት እንደማያስነውር ሰዉ አወቀ፣ ከእንግዲህ እውነቱን ይነግረኛል ብዬ ደስ አለኝ።

ሰዉ የያዘው ግን የሳሙናውን ወሬ ነው። ሰሞኑን ጎረቤቴ ጋሼ ይመር ቴፓቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ውሃው ከፌስታሉ ጠረጴዛዬ ላይ ይንጠባጠባል፣ በስፒከሩ ወንፊት በኩል አረፋ ይታያል። ምን ነካው አልኳቸው። ወዲያና ወዲህ አይተው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ድመት ሸናችበት አሉኝ።

ጋሼ ይመር ቤት ድመት የለም።