ቦሰት ተራራን በአምስት ሰዓት

እኔ እንደታዘብኩት ከሆነ የከተማችን ወንድ አርባ አምስት ዓመት ሲሞላው ከሁለት ነገር አያመልጥም፤ ወይ የዕድር ዳኛ ካልሆንኩ ይላል፣ ወይ ቱታ ገዝቶ መሮጥ ይጀምራል። ለጉልበት የመጀመሪያው ይሻላል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ።

የአዳማ ሰው ነኝ፤ የጂኦግራፊ መምህር። ተራራ መውጣት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ በጠመኔ፣ ሰሌዳ ላይ። እናም ከእኛ ብዙም የማይርቀውን የቦሰትን ተራራ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርድ የሠላሳ ኪሎ ሜትር ሩጫ መኖሩን ስሰማ፣ ተራራው ከኔ ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው መስሎኝ ተመዘገብኩ። ደንቡ አጭር ነው። በአምስት ሰዓት ውስጥ የገባ ሜዳሊያ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ መንገደኛ ነው።

ለባለቤቴ ለሂሩት ስነግራት፣ ከምትልጠው ሽንኩርት ቀና እንኳ ሳትል፣ መጀመሩንስ ትጀምረዋለህ አለችኝ።

ይህቺ አነጋገር እኛን ለማያውቅ ሰው ማብራሪያ ያስፈልጋታል። ጓሯችን ውስጥ ጣሪያ የሌለው የዶሮ ቤት አለ፤ የኔ ሥራ ነው። መንጃ ፈቃድ ላወጣ ትምህርት ጀምሬ ወደ ኋላ መንዳት ላይ ስደርስ ትቼዋለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ መግቢያው እጅግ ያማረ ነው፤ ከመግቢያው በቀር ግን ሌላ የለውም። ሂሩት አብራኝ ስትኖር አንድም ነገር ስጨርስ አይታ አታውቅም። ታዲያ ሜዳሊያው ምን ያደርግልኛል? አንዴ ብቻ፣ አንድ ነገር ጨርሼ እንድታየኝ ነው የፈለግኩት። ይህንን ስናገር ትንሽ አፍራለሁ።

አሠልጣኝ አላጣሁም። ደረጄ የሚባል ባልደረባዬ አለ፤ ወንጂ ሸንኮራ መሃል ያደገ የስፖርት መምህር ነው። ውሃ የሚጠጣው ሳይጠማህ ነው፣ በየሩብ ሰዓቱ ጎንጨት በል አለኝ። ፍጥነትህን ደግሞ በሰዓት አትለካው፣ በአፍህ ለካው፤ ከሰው ጋር ማውራት እስከቻልክ ድረስ ልክ ነህ፣ ቃል ሲያጥርህ ቀዝቀዝ በል አለ። ምክሩን ወደድኩት፤ በማውራት የሚታማ የመምህር ዘር የለም። አበውስ ቢሆኑ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው የለ? በስንት ሰዓት እንደገባ ግን አልነገሩንም።

ልምምዱ ላይ ያስቸገረኝ ሩጫው ሳይሆን ተመልካቹ ነው። ጠዋት ጠዋት ስሮጥ ባጃጆች አጠገቤ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ። አንዱ ሾፌር በሐዘኔታ እያየኝ፣ ፋዘር ግባ፣ ሂሳብ የለም አለኝ። ሌላው ማን ሞቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አገራችን የሯጭ አገር ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ሯጮቻችን በኔ ዕድሜ ሆቴል ነው የሚያስተዳድሩት።

የውድድሩ ቀን ሯጮቹ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ሽቅቡን ከአንድ የባንክ ሠራተኛ ጋር ስለ ልጆች ትምህርት እያወራን፣ በደረጄ መለኪያ ልክ ሆነን ወጣነው። ጫፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ በረታች። እኔም በቴሌቪዥን ሯጮች ሲያደርጉ እንዳየሁት የቀረኝን ውሃ በሙሉ አናቴ ላይ አፈሰስኩት። አናቴ ጠጣ፣ እኔ ቀረሁ።

ቁልቁል ስወርድ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ሦስት ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ በእጄ ይዤ፣ ቢጫ ጀሪካን ከጫነች አህያቸው ጋር ግራር ሥር ያረፉ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ከፊቴ የነበሩት ወጣቶች እጃቸውን አውለብልበውላቸው አልፈዋል። እኔ ሰላምታ የእግዜር ነው ተብዬ ያደግኩ ሰው፣ አካም ጅርቱ አባባ ብዬ ቆምኩ። ፊቴን አዩና መልስ ከመስጠታቸው በፊት በጣሳ ውሃ ቀዱልኝ። በዚያ ደረቅ አገር ያ ውሃ ስንት ሰዓት በአህያ እንደተጓዘ ለመገመት የጂኦግራፊ መምህር መሆን አያስፈልግም።

እስቲ ፍረዱኝ። የሰው ውሃ ጠጥቶ፣ አፍን ጠርጎ እብስ ማለት ይቻላል? ልጆቻቸውን ጠየቅኩ፤ ደህና ናቸው። ባለቤታቸውን ጠየቅኩ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዝናቡን ጠየቅኩ። እሳቸውም በተራቸው ልጆቼን፣ ሂሩትን፣ የአዳማን ሙቀት ጠየቁኝ። በመጨረሻ ማን እያሳደደኝ እንደሆነ ጠየቁ። ማንም አልኳቸው። አላመኑኝም። ማውራት ከሆነ መለኪያው፣ በዚያ ቀን እንደዚያች ሰዓት ልክ ሆኜ አላውቅም።

ጥፋቴ ከብቱን መጠየቄ ነው። ለካስ ቀይዋ ላም ታማባቸዋለች። ቤቱ በሙሉ በእሷ ወተት የሚያድር ነው። ሦስት ቀን ሣር አልቀመሰችም። ትናንት ከወለንጪቲ የከብት ሐኪም አስመጥተው መርፌ ወጋት፤ ሌሊቱን ስታቃስት አደረች። ዛሬ ጠዋት በረቱን ስከፍት ግን፣ አሉና የአህያዋን ጭነት ማስተካከል ያዙ። ሰዓቴን ሰረቅ አድርጌ ባይ አሥራ ስምንት ደቂቃ ቀርቶኛል። እግዜር ይማርልዎ አባባ ብዬ፣ ጣሳውን መሬት አስቀምጬ ተፈተለክሁ።

በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ሦስት ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። ሁለት ወጣቶች የመድረሻውን ባነር እየጠቀለሉ ነበር። ሰዓት የያዘው ሰውዬ፣ ጋሼ አዝናለሁ ብሎ የታሸገ ውሃ ሰጠኝ። ሂሩት ፎጣዬን ጭኗ ላይ አድርጋ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር።

አንድም ቃል ሳትናገር ሙግት ጀመርኩ። ሽማግሌውን፣ ውሃውን፣ ወጉን፣ የላሚቱን ሕመም ከነመርፌው ነገርኳት። ሰውን እንደ ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር በሆነበት አገር ማን ነው በአምስት ሰዓት የሚገባው ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሂሩት እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ፎጣውን አቀበለችኝና፣ ከልቧ አሳስቧት፣ ታዲያ ዛሬ ጠዋት በረቱን ሲከፍቱ ላሚቱ እንዴት ሆና አገኟት አለችኝ።

ላቤን ጠረግኩ። ጨዋታውን ሳልጨርስ ነው የመጣሁት አልኳት።