ሁለት ጉብታ ያለው ገብስ

[አሰላ፤ ገብስ የሚገዛ ፋብሪካ የምርመራ ክፍል። የክፍሉ ኃላፊ ወንደሰን፣ በራሱ አንደበት የክፍሉ ሊቅ፣ የመመርመሪያው ማሽን ኮምፒውተሩ ላይ ያወጣው ግራፍ ላይ አፍጥጧል። ረዳቱ ቱሳ አጠገቡ ቆሟል።]

ወንደሰን፦ ሁለት ጉብታ! የሁሩታው ገበሬ ባጫ ዝናብ መትቶት የበቀለ ገብስ ቀላቅሎብናል። ይመለስ!

ቱሳ፦ ኧረ ጋሼ! ሰውዬው የዓመት ልፋቱን በአይሱዙ አስጭኖ በር ላይ ቆሟል። ጉብታው ምንድን ነው?

ወንደሰን፦ ስንቴ ላስረዳህ! የገብሱ ሙጫ ባለ ቀዳዳ ፍሬ በታጨቀበት በዚህ ቱቦ ሲያልፍ ትልልቁ ቀድሞ ይወጣል፤ ትንንሹ በየቀዳዳው ሲገባ ሲወጣ ይዘገያል። ሲወጣ ግራፉ ላይ ጉብታ ይሆናል።

ቱሳ፦ እንደ ልጆቼ! ትምህርት ቤት ስልካቸው በየሱቁ ነው የሚገቡት።

ወንደሰን፦ ደህና ገብስ አንድ ጉብታ ነው። የበቀለው ግን ሙጫው ይሰባበራል፤ ሌላ ጉብታ ያመጣል። ግራፍ አይዋሽም!

ቱሳ፦ ማሽኑስ ለምን ያቃስታል?

ወንደሰን፦ ጠግቦ ነዋ! ናሙናውን ወፈር አድርገው ያልኩህ ለዚህ ነው። ለእንግዳ ቀጭን በሶ ይቀርባል?

ቱሳ፦ ነውር ነው። [ያስባል] እንግዳው ማሽኑ ነው?

ወንደሰን፦ ከውጭ አይደል የመጣው? በል፣ የጨዋ ሰው ገብስ ላሳይህ። የሮቤው አማቴ የአቶ እንደሻው ነው፤ የእሳቸውም ተራ ዛሬ ነው። ወፈር አድርገህ አስገባ!

[ቱሳ ያስገባል። ማሽኑ ያቃስታል። የወንደሰን ፈገግታ ቀስ በቀስ ይሞታል።]

ቱሳ፦ አንድ… ሁለት… ጋሼ፣ ይቺ ሦስተኛዋ ናት?

ወንደሰን፦ ዝም በል!

ቱሳ፦ ይመለስ ልበላቸው?

ወንደሰን፦ ምን ይመለሳል! ናሙናው ወፍሮ ነው! ወፍራም ነገር ቱቦው ውስጥ እኩል አይሄድም፤ ይጎተታል፣ ይከፋፈላል፣ የሌለ ጉብታ ይፈጥራል። ይህን እንኳ አታውቅም? አቅጥነው!

ቱሳ፦ የጋሽ ባጫንስ?

ወንደሰን፦ የእሱን… የእሱንም።

ቱሳ፦ እንግዳው ቅር አይለውም?

ወንደሰን፦ አቅጥን አልኩህ! ትንሽ ትንሽ ስጠው!

[ሁለቱም ናሙናዎች ይቀጥናሉ። ማሽኑ ማቃሰቱን ይተዋል። የባጫ ግራፍ ይመጣል፤ አንዲት ጉብታ፣ ቀጥ ያለች። ቱሳ እልል ሊል ምንም አልቀረው። የእንደሻው ይከተላል።]

ቱሳ፦ ሁለት።

ወንደሰን፦ ጨምረህ አቅጥነው።

ቱሳ፦ ኧረ ጋሼ፣ ከዚህ በላይማ ውሃ ነው!

ወንደሰን፦ አቅጥን!

[ያቀጥናል። ይጠብቃሉ።]

ቱሳ፦ ያው ሁለት። አነሱ እንጂ አልጠፉም።

ወንደሰን፦ [በሩን አየት አድርጎ፣ በሹክሹክታ] ቱሳዬ… ግራፍ እኮ አንዳንዴ ይዋሻል።

ቱሳ፦ [ስልኩን እያቀበለው] እንግዲህ ለአማትዎ ይደውሉላቸው። ወፈር አድርገው ነው ወይስ ቀጠን አድርገው የሚነግሯቸው?