ጋሼ ዘርአ ዳዊት እና ወፍራሙ ሕግ

ጨዋታ ባለበት አገር ሁሉ ጨዋታውን የሚያስቆም አንድ ሰው አይጠፋም። ዳማ ቤትም ከረንቡላ ቤትም ይገኛል፤ ልጆች ብይ በሚጫወቱበት ሜዳ ዳርም ቆሞ አይታጣም። ገና እጃችሁን ወደ ጠጠሩ ስትዘረጉ "ቆይ!" ይላል። ይህ ሰው ተጫዋች አይደለም፤ ተመልካችም አይደለም፤ ሕግ አዋቂ ነው። ስታሸንፉ ለምን ማሸነፍ እንዳልነበረባችሁ፣ ስትሸነፉ ደግሞ ሽንፈቱ ለምን እንደሚገባችሁ ያስረዳችኋል። እናንተም ሰፈር አለ። የሌለ ከመሰላችሁ እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

የእኛው ደብረ ብርሃን ነው ያለው፤ ዘርአ ዳዊት ይባላል። ከመናኸሪያው ጀርባ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ባለበት "ክቡር ዳኛ"፣ በሌለበት "ሊቀ ሕግጋት" እንለዋለን። ሁለቱንም ያውቃል፤ ሁለተኛውን እንደሚመርጥ እጠረጥራለሁ።

ዳኝነቱ የፍርድ ቤት አይደለም። እኛ ጥቂት ጎልማሶች ቅዳሜ ከሰዓት በእትዬ ይመኙሻል ከረንቡላ ቤት ጓዳ ተሰብስበን ጠረጴዛ ላይ ጦርነት እንዋጋለን። ሲነገር ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነው። ከሽቦና ከሸክላ የተሠሩ፣ ቀለም የተቀቡ፣ አውራ ጣት የሚያክሉ ወታደሮች አሉን። ኮረብታዎቹ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ናቸው፤ ዛፎቹ አረንጓዴ የተነከረ የበግ ፀጉር። በታሪክ የተደረገ አንድ ውጊያ እንመርጥና ሁለቱን ወገኖች አሰልፈን፣ ርምጃውን በሜትር እየለካን፣ ተኩሱን ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ወርውረን እየወሰንን እንደገና እናካሂደዋለን። ሚስቴ "የትልልቅ ሰዎች ዕቃ ዕቃ" ትለዋለች።

ማን ምን ያህል ይራመዳል፣ ማን መቼ ይሸሻል የሚለውን ለመወሰን ሕግ ያስፈልጋል። ሕጉ ደግሞ አንድ አይደለም፤ ኢንተርኔቱን ሞልቶታል። የሰውን ጠባይ ማወቅ ከፈለጋችሁ የትኛውን ሕግ እንደሚወድ ጠይቁት። ባንክ የሚሠራው ታመነ ባለ አንድ ገጹን ይወዳል፤ ዳይስ ይወረወራል፣ ሰው ይሞታል፣ አለቀ። ነርሱ ሰይፈሥላሴ ተራው በካርታ የሚወጣበትን ይወዳል፤ ቀጥሎ ማን እንደሚጠራ አለመታወቁ የሥራ ቦታውን ያስታውሰዋል መሰለኝ። እኔ የማሸንፍበትን እወዳለሁ፤ እስካሁን አልተጻፈም።

ዘርአ ዳዊት የሚወደው ወፍራሙን ነው። ወፍራሙን ሕግ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ በራሱ ማሽን አትሞ፣ ወደ አማርኛ መልሶ ጠርዞታል። በዚህ ቢያበቃ ተመስገን ነበር። ግን ዘርአ ዳዊት የአንኮበር ካህናት ልጅ ነው፤ እስከ ጉርምስናው ትርጓሜ ቤት የቆየ ሰው ነው። እዚያ ደግሞ አንድ ቃል በአንድ ፍቺ አይለቀቅም። መምህሩ አንዱን ፍቺ ይሰጡና "አንድም" ብለው ሁለተኛውን፣ "አንድም" ብለው ሦስተኛውን ያስከትላሉ፤ ሁሉም እውነት ነው። ለቅዱስ መጽሐፍ ያማረ ሥርዓት ነው። ለመድፍ ግን ያስቸግራል።

አንድ ቀን ታመነ ዛፍ ጥግ የቆመ ጠላት ላይ ተኩሶ ዳይሱ ስድስት ወጣለት። ገና እጁን ሳያወርድ "ቆይ!" የሚል ድምፅ መጣ። "ሕጉ 'በከፊል የተከለለ' ነው የሚለው። በከፊል ሲል በቁሙ ግማሽ አካሉ ነው። አንድም፣ ከጭፍራው ግማሹ ነው። አንድም፣ አካሉ ተከልሎ ልቡ ያልተከለለ ነው።"

"ታዲያ ሰውዬው ሞተ አልሞተም?" አለ ታመነ።

"ወደዚያ እየመጣን ነው።"

"ወደዚያ እየመጣን ነው" ሲል ሻይ እናዛለን። ቡና የሚያዝም አለ። አንድ ጊዜ እትዬ ይመኙሻል በሯ ላይ "የውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው" ብላ ብትለጥፍ፣ "ውጭ" ምን ማለት እንደሆነ ዘርአ ዳዊት በር ላይ ቆሞ ሲያብራራላት ደንበኛ ተሰለፈባት። ወረቀቱን ገንጥላ "በቃ፣ ያሻችሁን ይዛችሁ ግቡ!" ብላ ሄደች።

እንዲህ እየሳቅን ብንዘልቀው ጥሩ ነበር። ግን መስቀል ሰሞን የጀመርነው ውጊያ የገና ፆም ገብቶም አላለቀም። ታመነ ዘርአ ዳዊት በሌለበት ሰበሰበንና ተወሰነ፤ ከእንግዲህ ባለ አንድ ገጹ፣ ዳኛ አያስፈልግም። እኔም እጄን አወጣሁ። "አንተ ጓደኛው ነህ፤ አንተ ንገረው" አሉኝ። ለቅዳሜ፣ ከአንኮበር ከሚመጡት ተጫዋቾች ጋር ካለን ጨዋታ በኋላ ልነግረው ተስማማን።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ነገሩ ዳኝነት ብቻ ቢሆን አያስጨንቀኝም ነበር። ግን ዘርአ ዳዊት አንድ ጊዜ ሱቁን እየዘጋ የነገረኝ ነገር አለ። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ጥሎ ነው ሥራ የገባው። "ከዚያ ወዲህ" አለኝ፣ "'ይህ ምን ማለት ነው?' ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሁሉ የሚመጣው ኮፒ ሊያስደርግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ስትጠይቁኝ ግን፣ ምን ልበልህ፣ ሰው እሆናለሁ።" እኔ ልነጥቀው የምሄደው ይህንን ነበር።

ቅዳሜ አንኮበሮቹ መጡ። አለቃቸው ንጋቷ ናት፤ እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ የእንግዳ ማረፊያ ታስተዳድራለች። ባለፈው ስትመጣ በአንድ የፈረሰኛ ርምጃ ተጣልተን፣ እትዬ ይመኙሻል መሀል ባትገባ ሌላ ነገር ይመጣ ነበር። አሁንም ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ "ዛሬ ከተበደልኩ ዳግመኛ እዚህ ቤት አልረግጥም" አለች። ወታደሮቿን ከካርቶን የምታወጣው አንድ በአንድ ነው፤ እያየችን።

ውጊያው ሰገሌ ነበር፤ የሸዋና የወሎ። ሁለታችንም ሸዋን ፈለግን፤ ሳንቲም ተጣለና ለእኛ ደረሰ። ስለዚህ መሸነፍ አይቻልም፤ በታሪክ ያሸነፈውን ወገን ይዞ የተሸነፈ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊቱን የት ያዞራል? ማንም አይቀልድም። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንቀጫቅጨዋል፤ ከዚያ ውጭ የሚሰማው የዳይስ ድምፅ ነው። የቀረበልን ሻይ ሁሉ ቀዝቅዟል። እኔ ግማሽ ልቤ ጠረጴዛው ላይ፣ ግማሹ ምላሴ ላይ ያለው መርዶ ላይ ነው። ዘርአ ዳዊት ቀና ብሎ ባየኝ ቁጥር የነቃብኝ ይመስለኛል። እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ የክት ኮቱን ለብሶ መጥቷል።

ነገሩ የደረሰው ንጋቷ ፈረሰኞቿን በሙሉ በእኔ መትረየስ ላይ ስትለቅ ነው። በመሀላችን አንድ ቡናማ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ትልም የተሳለበት፣ እርሻ ነው። ወፍራሙ ሕግ ደግሞ "ፈረሰኛ በተሰበረ መሬት ላይ እየጋለበ አያጠቃም" ይላል። እርሻ የተሰበረ መሬት ከሆነ ፈረሰኞቿ መሀል ላይ ቆመው ያልቃሉ፤ ድሉ የእኛ ነው። ካልሆነ መትረየሱ ይረገጣል፤ አለቀልን።

"የተሰበረ ነው!" አልኩ።

"በየት አገር ነው እርሻ የተሰበረ መሬት?" ንጋቷ ከወንበሯ ተነሳች። "እንደ ባለፈው ልታደርጉኝ ነው?"

ሁለት አንኮበሮች ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። "ዳኛ!" አልን ሁላችንም በአንድ አፍ።

ዘርአ ዳዊት መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ። ወፍራሙን ገለጠና "መጀመሪያ ንባቡን እንይ" አለ።

ታመነ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። አንድ ኮረብታ ተገለበጠ። "አንድም እንዳትል! በእናትህ፣ ዛሬ አንድም እንዳትል! ከዛሬ ወዲያ ዳኛም አይደለህ፤ ተወስኗል። እሱ ሊነግርህ ነበር!" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ታመነ ራሱ ያፈተለከውን መልሶ የሚይዝ ይመስል አፉን በእጁ ያዘ።

"እውነት ነው?" አለኝ ዘርአ ዳዊት።

"ነው" አልኩ። "ከጨዋታው በኋላ ልነግርህ ነበር።"

"ደግ። እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ግን ዳኛ ነኝ?"

"ነህ።"

ወፍራሙን ዘጋው። "ፈረሱ ያልፋል" አለ።

ይኸው ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቅን፤ ምንም አልመጣም። በሰማነው ዘመን ሁሉ ዘርአ ዳዊት አንድ ነገር በሁለት ቃል ተናግሮ አያውቅም። ስንመኘው የኖርነው አጭር ፍርድ ይኸው መጣልን፤ እንዴት እንደሚያስጠላ አልነግራችሁም። ንጋቷ ዳይሱን ወረወረች፤ መትረየሴ ተረገጠ፤ ሸዋ ተሸነፈ።

ያሸነፈችው ግን አልተቀመጠችም። "ጋሼ ዘርአ ዳዊት" አለች፣ "ለምን ለእኔ ፈረዱ? በእነዚህ ተናደው ነው እንዳይባል፣ እባክዎ ይንገሩኝ። በንዴት የተሰጠኝን ድል ይዤ አንኮበር አልገባም።"

ዘርአ ዳዊት የተዘጋውን ወፍራም ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ከዚያ ጣቱን ጨርቁ ላይ አሳረፈ። "መሬት መጀመሪያ ሲታረስ ይገመሳል፤ ጓሉ እንዳለ ይወጣል፤ እሱ የተሰበረ ነው፣ ፈረስ ይጥላል። ሲደጋገም ግን ይለሰልሳል። እዚህ የተሳለው ትልም የተቀራረበ ነው፤ የተደጋገመ እርሻ ነው። አንድም" አለ፤ ድምፁ እዚህ ላይ ትንሽ ሰለለ፤ "ክረምቱ ወጥቷል፤ ጭቃው ደርቋል። አንድም፣ ፈረሱ ባዳ አይደለም፤ እርሻ ላይ የተወለደ ያገር ቤት ፈረስ ነው።"

ንጋቷ ወደ እኛ ዞረች። "ይህንን ሰው ነው የማትፈልጉት?" አለች። ታመነ የገለበጠውን ኮረብታ ማቃናት ያዘ። "እንግዲያው እኛ እንፈልገዋለን። ጋሼ፣ ቅዳሜ ጎረቤላ ይምጡልን።"

ዘርአ ዳዊት ወፍራሙን በብብቱ ይዞ ወጣ። በሩን እንኳ በቀስታ ነው የዘጋው።

ከዚያ ወዲህ በባለ አንድ ገጹ ተጫወትን። ውጊያው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ማንም አይጮህም፣ ማንም አይጠይቅም፤ ታመነ ደጋግሞ አሸነፈ፤ ግን ሲያሸንፍ ቀና ብሎ "ቆይ!" የሚለውን ድምፅ ሲጠብቅ አየዋለሁ። እትዬ ይመኙሻል እንኳ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ "ምነው፣ ሰው ሞቶባችኋል?" አለችን። እኔ በበኩሌ ናፍቆኝ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄጄ የማያስፈልገኝን መታወቂያ ኮፒ አስደረግሁ፤ ሠራልኝ፣ ሰጠኝ፣ "ሌላ?" አለኝ። ሌላ የምለው ጠፋኝና ወጣሁ።

በበነጋው ቅዳሜ ወደ አንኮበር የሚሄድ ሚኒባስ ገባሁ። የኋላ ወንበር ላይ ታመነ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ ካርቶን አቅፏል።

"ለሥራ ነው" አለኝ።

"ካርቶኑስ?"

"ዶክመንት ነው።"

መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ካርቶኑ የዶክመንት ድምፅ አልነበረውም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የይቅርታ ንግግር እየተለማመደ መሆኑ ገብቶኛል፤ እኔም የራሴን እያሰናዳሁ ነበር።

ጎረቤላ ስንደርስ ጉም ወርዶ እጃችንን እንኳ አያሳይም። የንጋቷን ማረፊያ በድምፁ አገኘነው፤ ከውስጥ ሰዎች ይከራከራሉ። በሩን ስንከፍት ክርክሩ ቆመ። ዘርአ ዳዊት የጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጧል፤ የክት ኮቱን ለብሷል፤ ወፍራሙ ፊቱ ተገልጧል። ቀና ብሎ አየን። አልተነሳም፤ አልጠራንም። ንጋቷም አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኛን አየች። ተመልሰን እንውጣ ወይስ እንግባ፣ የምናውቀው ነገር አልነበረም።

ታመነ ካርቶኑን እንዳቀፈ ጉሮሮውን ጠረገ። የተለማመደው ንግግር ሁሉ እንደጠፋው ፊቱ ላይ ይታያል።

"ጋሼ ዘርአ ዳዊት" አለ በመጨረሻ፣ "ጉም ሲሆን መድፍ ምን ያህል ያያል? ሕጉ 'ደካማ እይታ' ነው የሚለው። ደካማ... ደካማ ማለት ምን ማለት ነው?"

መልሱን ያውቀዋል። ባለ አንድ ገጹ ላይ በአንድ መስመር ተጽፏል።

ዘርአ ዳዊት ብዙ አየው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። መወልወሉ ከወትሮው ረዘም ያለ መሰለኝ፤ ዓይኑንም አብሮ ጠረገ።

"ተቀመጡ" አለን። "ደካማ ሲል በቁሙ ዓይኑ የደከመ ነው።"

ተቀመጥን። ያን ከሰዓት ዳይስ የነካ ሰው የለም። ጉሙ ተገፎ የቆላው አገር ከታች ወለል ብሎ ታየ፤ ማንም ዞሮ አላየውም። ዘርአ ዳዊት ሦስተኛውን አንድም ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ታመነ ወንበሩን ወደ እሱ አስጠግቶ "እሺ፣ ከዚያስ?" አለ።