ማኅተም ያረፈበት ግጥም

ስለ ታላላቅ ሰዎች መጻፍ እጅ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ስለ አዛናውና ስለ አገኘሽ ለመጻፍ የተነሣሁት እጄን ታጥቤ፣ ነጠላዬን አደግድጌ ነው። ሁለቱ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው፤ እሱ ማሲንቆ ይመታል፣ እሷ ትዘፍናለች። በመተማ ሃያ ዓመት ያህል አዝማሪ ሆነው ቢኖሩም፣ ዝናቸው የገነነው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጣልያን መጣ፣ አራት የጣልያን ሹሞች ተፈራረቁ፣ ጣልያን ሄደ፤ የእነሱ ዜማ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተለወጠም። የሚለወጠው የሚወደሰው ሰው ስም ብቻ ነበር። ጽናት ማለት ይኸው ነው።

የታላላቅ ሰዎች ጠባይ እንግዳ መሆኑ የታወቀ ነው። አዛናውና አገኘሽ እርስ በርስ አይነጋገሩም ነበር። ጠቡ የተነሣው «አዛናውና አገኘሽ» ይባል ወይስ «አገኘሽና አዛናው» በሚለው ከባድ ጥያቄ ሲሆን፣ ሽማግሌ ተቀምጦበት በገበያ ቀን የእሱ፣ በበዓል ቀን የእሷ ስም እንዲቀድም ተወሰነ። እርቁ ስሙን አስተካከለ እንጂ አፋቸውን አልከፈተም። የሚባባሉት ሲኖር አጠገባቸው ባለ ሰው በኩል ይላላካሉ፤ ሰው ከሌለ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። በዚያ ላይ የጣልያን ቢሮ የሸለማቸውን ወፍራም የሱፍ ካፖርት በሚያዝያ እንኳ አያወልቁም። የመተማን ሚያዝያ የሚያውቅ ሰው ለጥበብ ሲባል ምን ያህል ላብ እንደ ፈሰሰ ይገባዋል።

በአዝማሪ ደንብ ከሰሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ከሰጠ፣ አዝማሪው ቃል ሳይጥል መቀበል አለበት። ድሀ በጌታ ፊት የማይደፍረውን በአዝማሪ አፍ ይናገራል፣ ጌታውም አይቆጣም። የጣልያን ቢሮ ይህን ባየ ጊዜ እጅግ ደነገጠ። ማንም ሰው ተነሥቶ፣ ያለ ማመልከቻና ያለ ማኅተም፣ ያሰበውን ይናገራል ማለት ነው። ስለዚህ የሚከተለው ትእዛዝ ወጣ፦ «ለአዝማሪ የሚሰጥ ማናቸውም ግጥም በሦስት ቅጂ ተጽፎ ለቢሮው ይቅረብ። ቢሮው መርምሮ፣ አስተርጉሞ፣ እንደ አስፈላጊነቱም አቃንቶ በማኅተም ሲመልሰው ብቻ ይዘፈን።»

ሌላ አዝማሪ ቢሆን ማሲንቆውን ሰቅሎ ቋራ በረሃ ይገባ ነበር፤ የገቡም አሉ። የእኛዎቹ ግን ደስታቸውን አልቻሉትም። «እስከ ዛሬ ሰው ያለንን ሁሉ ተሸክመን ስንሳቀቅ ኖርን» አለ አዛናው። «እንግዲህ ማሰቡን መንግሥት ወሰደልን።»

በመስከረም 1932 ዓ.ም. ፈረደ የሚባል የሰሊጥ ገበሬ «ለአርበኞች ማሽላ ሰጥተሃል» ተብሎ በጣልያን ምሽግ ውስጥ ታሰረ። ሰጥቷል። እኛ ሁላችንም እናውቃለን፤ በአህያ ሲጭን ያገዝነውም አለን። ጥቅምት ሲገባ ሰሊጡ በሚስቱ በታይቱ ላይ ደረሰባት። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታጋሽ አይደለም፤ በቀኑ ካልታጨደ አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፋል። የዓመት ቀለባቸው እሱ ነው። ታይቱ ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የአዝማሪን ደንብ ታውቃለችና ወደ ሁለቱ ባለሙያዎች ቤት ሄደች።

«አያ አዛናው፣ ግጥም ላቀብላችሁ መጣሁ። ሐሙስ በገበያው ሹሙ ፊት ስትዘፍኑ ንገሩልኝ።»

«በስንት ቅጂ ነው?»

«በአፌ ነው እንጂ።»

«በአፍ ተከልክሏል። እስቲ አገኘሽ ምን እንደምትል ጠይቂያት።»

ታይቱ ዞር አለች። «እት አገኘሽ፣ ምን ትያለሽ?»

«ሦስት ቅጂ ነው በይው» አለች አገኘሽ፣ ካፖርቷን እየቆለፈች።

ሁለቱ ከተጣሉ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። ታይቱ ወደ ባለሱቁ ወደ ሐጂ አብዱልሀኪም ሄደችና ሐጂ ሦስት ጊዜ ጻፉላት፦

ሰሊጤ ደረሰ የሚያጭደው አጥቶ፣
ፈረደን ፍቱልኝ ሳይረግፍ ተከፍቶ።

«ልጄ፣ ይኸን ኸዋጃው፣ ጣልያኑ ሹም፣ ይገባዋል ብለሽ ነው?» አሏት።

«ሰሊጥ እንደሚረግፍ የማያውቅ ሰው አለ እንዴ፣ ሐጂ?»

«ቢሮ ውስጥ አለ» አሉ ሐጂ፣ ወረቀቱን እያጠፉ።

ቢሮው ጉዳዩን በጥሞና መረመረ። በመጀመሪያው ሳምንት «ፍቱልኝ» ማለት መንግሥትን ማዘዝ መሆኑ ተደረሰበት። በሁለተኛው ሳምንት «አጥቶ» የሚለው በጣልያን ግዛት እጦት አለ ያሰኛል ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት የሰሊጡ እኩሌታ ረገፈ፤ ይህ ግን ለቢሮው በጽሑፍ አልቀረበም ነበር። በአራተኛው ሐሙስ ግጥሙ ተቃንቶ፣ ማኅተም አርፎበት ለባለሙያዎቹ ደረሰ። ሹሙ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ታይቱ ሆዷን ይዛ ከፊት ቆማ፣ አገኘሽ ጉሮሮዋን ጠርጋ ዘፈነች፦

ሰሊጡ ደረሰ ለሹማችን ክብር፣
ፈረደም ደስ ብሎት ሰነበተ በእስር።

አንድ ቃል አልጣሉም። እንዲያውም ሁለተኛውን ስንኝ ስለ ጣማቸው ሦስት ጊዜ መላለሱት። ታይቱ «እኔ እንዲህ አላልሁም» አለች፤ ማሲንቆው በረታባት። አስተርጓሚው ሲነግረው የሹሙ ልብ ተነካ። ወደዚህ አገር ከመጣ ወዲህ ደስ ያለው ሰው ሲያጋጥመው የመጀመሪያው ነበር። «ደስ ካለውማ ይቆይ» አለና የፈረደን እስር በአንድ ዓመት አራዘመለት።

ታይቱ ማሳዋ ስትደርስ የቆመው ባዶ ገለባ ነበር። ልጁ በታኅሣሥ ተወለደ፤ አባቱን ያየው በእግሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ማላገጤን ለጥቂት ላቁምና አንድ ነገር ልናገር፦ ያን ቀን ገበያው መካከል ቆመን ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በጥር 1933 ዓ.ም. ጣልያን ምሽጉን ጥሎ ወደ ጎንደር ሸሸ፣ ከሱዳን በኩል የእንግሊዝ ጦር ገባ፣ ፈረደም ወጣ። አዲሱ ሹም ፍትሕ ወዳድ ስለ ነበር «ከጣልያን ጋር ያበረ ሁሉ ይጣራ» ብሎ የጣልያንን መዝገብ አስገለበጠ። ስለ አዛናውና ስለ አገኘሽ የተጻፈ አንድም ቃል አልተገኘም፤ ዘፈኖቹ ሁሉ የተመዘገቡት በግጥም ሰጪዎቹ ስም ነበርና። ስለ ፈረደ ግን በሦስት ቅጂ፣ ከነማኅተሙ፣ በጣልያን እጅ «ደስ ብሎት» መሰንበቱ ተገኘ። ሁለቱ ባለሙያዎች ለምስክርነት ተጠሩ።

«ይህን የዘፈናችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ የተሰጠንን ነው የምንዘፍን፣ ጌታዬ» አለ አዛናው። «የሰጠችን የገዛ ሚስቱ ናት።»

«እውነቱን ነው በሉልኝ» አለች አገኘሽ።

ስለ እውነተኛ ምስክርነታቸው የመልካም ጠባይ ወረቀት ተሰጣቸው። ፈረደ ደግሞ የታመነ ዋስ ካመጣ በቤቱ እንዲቀመጥ፣ ካላመጣ ወደ ምሽጉ እንዲመለስ ተፈረደበት። ዋሱ ስሙ በጣልያን መዝገብ ውስጥ የሌለ፣ የመልካም ጠባይ ወረቀት ያለው ሰው መሆን ነበረበት። ማሽላ የጫንነው ሁላችንም እዚያ በተጠርጣሪነት ተመዝግበናል፤ ሐጂም ማመልከቻ ጸሐፊ ተብለው አሉበት። በከተማው ወረቀት የነበራቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ፈረደ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። አዛናው ደጅ ላይ ብዙ አቆመው፤ ኋላም በራሱ በፈረደ በኩል አገኘሽን አስጠየቃት።

«እት አገኘሽ፣ ዋስ ልሁነው ወይ ይላል።»

«ልጁ ያሳዝናል በለው።»

አዛናው በረጅሙ ተነፈሰና አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«አንተ ፈረደ» አለው፣ ወረቀቱን ሲሰጠው። «ዋስ የሆንሁህ ለልጅህ ስል ነው። ሁለተኛ ግን ከጣልያን ጋር እንዳትሞዳሞድ።»

ፈረደ ልጁን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና፣ «አይለምደኝም፣ አያ አዛናው» አለ።